ደረት አራት

ሸለቆው ውስጥ ልጅ በቀኑ አይወለድም፤ በቀጠሮ ነው የሚወለደው። የትኛዋ ሠራተኛ በየትኛው ወቅት ከመስመር ብትወጣ ሥራው እንደማይጎዳ ፋብሪካው ያሰላል፤ ጤና ጣቢያው ያንን ተቀብሎ የማዋለጃ ቀን ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ወሩ ሳይሞላ ነው። አራት አምስት ሳምንት ቢጎድል ልጅ አይሞትም ተባለ። እውነት ነው፣ አብዛኛው አይሞትም። መተንፈስ ነው የሚቸግረው። ሳንባው ገና ስላልበሰለ እንደ ረጠበ ፌስታል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሕፃኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያንን ፌስታል እንደገና ለመክፈት ይታገላል። የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ያቃስታል። ገና የተወለደ ሰው እንደ ሽማግሌ ሲያቃስት መስማት ደስ አይልም። ግን ይለመዳል።

ትንፋሽ ቤት የተሠራው ለዚህ ነው። እኔም እዚያ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሐኪም አልነበርኩም፣ ዘበኛም አልነበርኩም። ደረት ነበርኩ።

ማለዳ በሩ ላይ ስደርስ ሞግዚት ታሸተኛለች። ሞግዚት የምንላት ቤቱን የምትመራዋን ድምፅ ነው። ሰውነት የላትም፤ አፍንጫ ግን አላት።

«እንደምን አደሩ፣ ደረት አራት። ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ።»

«የትናንት ምሳ ነው።»

«ይታጠቡና ይመለሱ። ደረትዎን ተላጭተዋል?»

ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ።

«መልስዎ አልተሰማኝም። አዎ ወይም አይ ይበሉ።»

ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ ማለት የአገራችን ሰው ወግ ነው። ቃል አይወጣም፣ ከንፈር አይላወስም። ባዕድ ሰው ሲያየን የደነገጥን ወይም አንዳች ነገር የወጋን ይመስለዋል። ሞግዚት አማርኛ የተማረችው ከተጻፈ ነገር ነው አሉ፤ ይሄ ደግሞ የትም ተጽፎ አያውቅም። በየማለዳው ሳብ አድርጌ እመልሳለሁ፣ በየማለዳው አልተሰማኝም ትለኛለች። እልህ ተጋብተን ነበር። አዎ ለማለት ለሰው ያልከፈትኩትን አፍ ለግድግዳ ልከፍት?

ከዚያ ዘንበል ያለው ወንበር ላይ እጋደማለሁ። ፊቴ ከዓይኔ በታች በጨርቅ ይሸፈናል። ከጣሪያው የሚወርደው የብረት እጅ ሕፃኑን ከነቱቦው አምጥቶ ደረቴ ላይ በሆዱ ያስተኛዋል፤ በላያችን ላይ መቀነት የመሰለ ነገር ይጠመጥምብናል። በአፍንጫው የሚገባ ቀጭን ንፋስ አለ፤ ሳንባው ተመልሶ እንዳይከደን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ሕክምናው ንፋሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የእኔ ሥራ መሞቅና መተንፈስ ነው። በቀጠሮ የመጣ ልጅ አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳል፤ ከሥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ካለ ያስታውሳል ይባላል። መናገር ክልክል ነው። ማንጎራጎር ክልክል ነው። እናቶቹ በካሜራ የሚያዩት መቀነቱንና የልጃቸውን ጀርባ ብቻ ነው።

እናቶቹ ራሳቸው ለምን አያቅፏቸውም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አንደኛ፣ ወደ መስመር ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ ተለክቶ ታየ፤ የወላጅ ልብ ይሮጣል። ልጁ ባቃሰተ ቁጥር የእናት ልብ ይደነግጣል፣ ድንጋጤዋ ወደ ልጁ ይሄዳል። የማያገባው ሰው ደረት ይሻላል ተባለ።

ስቀጠር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚያለቅስ ሕፃን አሰሙኝ። የሚቃጠል ቤት አሳዩኝ። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የእናቴን ፎቶግራፍም አሳዩኝ። ልቤ ንቅንቅ አላለም። «እጅግ ተስማሚ» ተባልኩ። በሌላ አነጋገር ልብ የለውም ብለው ነው የቀጠሩኝ። በዕድሜዬ በፈተና አንደኛ የወጣሁትም ያኔ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሰግድ «አበጋዝ ትምህርት ጠላ» እያለ ያወራል። አልጠላሁም። ለሁለታችን የሚበቃ የለም ሲባል እሱ ተማረ፣ እኔ ቀረሁ፤ ነገሩ ይሄ ነው። ዛሬ የቀጠናው ሹም ነው። ልጁን ሲድር ሰንጋውን ያረድኩት እኔ ነኝ፤ ማዕዱ ሲቀርብ ግን ከሹፌሮቹ ጋር ድንኳኑ ጭራ ላይ ተቀመጥ ተባልኩ። እጄ ላይ ያለው ደም እንኳ አልደረቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱን አልረገጥኩም። ለምን ቀረህ ያለኝም የለም።

ትንፋሽ ቤት ስገባ ወንበሮቹ በሙሉ ሰው ነበረባቸው። በእረፍት ሰዓት ሸሚዛችንን እየቆለፍን ኮሪደሩ ላይ እንሳሳቅ ነበር፤ አንዱ ደረት ሌላውን ደረት ሲሰድብ ይዋላል። ከዚያ ጨርቅ ደረት የሚሉት ማሽን መጣ። ይሞቃል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልብ ይመታል፣ ነጭ ሽንኩርት አይበላም። አንድ በአንድ አሰናበቱን። በመጨረሻ ከሰው ደረት እኔ ብቻ ቀረሁ። ለምን እኔን እንዳስቀሩ አልጠየቅኩም። ለማንኛውም ብለው ይሆናል፤ መኪና ስኮርታ ጎማ እንደሚይዘው። ብዙ ቀን ባዶ ደረቴን ታቅፌ እውል ነበር። በአካል የማየው ሰው የቀን ተረኛዋን ነርስ፣ ሲስተር ረውዳን፣ ብቻ ነው። እሷም ስትሮጥ ነው የምትውለው።

አንድ ጠዋት ሮጣ መጣች።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ዛሬ ባለጉዳይ መጥታልዎታለች።»

«ጨርቃችሁ ምን ሆነ?»

«ጨርቁን አልወደደችውም። ምን ላድርግ፣ ሰው ካልሆነ ብላለች» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር።

ከክንድ ብዙ የማትረዝም ሴት ልጅ ናት። እናቷ ዘምዘም ትባላለች፤ ፋብሪካው ውስጥ የባትሪ ክዳን የምትገጥም ናት። ልጅቱን በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት አዋልደዋታል። የመጀመሪያውን ቀን ስታቃስት ነበር፤ ሳንባዋን የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ሰጧት፣ ንፋሱን ገጠሙላት፣ ማቃሰቱ ተዋት። መርሳቱ ግን አልተዋትም። ጨርቁ ላይ ሆና ደጋግማ ረሳች። እኔ ላይ ሲያደርጓትም ረሳች፣ ግን ቶሎ ትመለስ ነበር። መርሳት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ደረታችሁ ላይ የተኛው ነገር በድንገት ዕቃ ይሆናል። ክብደቱ አይለወጥም፣ ሙቀቱ አይለወጥም። ዕቃ ይሆናል ብቻ።

እናቶች በእረፍታቸው ሰዓት በድምፅ ወደ ልጃቸው መግባት ይፈቀድላቸዋል። ብዙዎቹ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው ያለቅሱና ይዘጋሉ። ዘምዘም ወሬኛ ናት።

«የኔ እናት፣ እናትሽ ነኝ። እንዴት ዋልሽልኝ? ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ፣ ቀበቶው ተበጠሰና መስመሩ በሙሉ ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ከዚህ እዚያ ስትሮጥ ጫማዋ ወልቆ የክዳን ቅርጫት ውስጥ ገባ። አንዳችንም አላየንም አልን! እስካሁን በአንድ እግሯ እየዞረች ነው። አይገርምሽም?»

ሰው አይገርምም ብሎ ሲጠይቅ ዝም አይባልም። ያደግኩት እንደዚያ ነው። ትንፋሼ ራሱ ሳብ አለ።

ያን ጊዜ ልጅቱ ረስታ ነበር። ከእኔ ጋር አብራ ሳበች።

«እንዴ!» አለች ዘምዘም። «ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

መናገር ክልክል ነው።

«ወላሂ ሰው ነው። ወንድሜ፣ ሰው ነህ?»

ሳብ አደረግሁ።

«ሰዎች!» ብላ ጮኸች፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገቧ ላሉት። «ልጄ የተኛችው ሰው ላይ ነው! ጨርቅ አይደለም፣ ሰው ነው!»

ከወዲያ ሴቶች ሲስቁና ሲመርቁ ተሰማኝ። ስለ እኔ ሰው ነው ተብሎ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ከመሸፈኛው ሥር ፊቴ ሞቀ።

«ደረት አራት» አለች ሞግዚት በጆሮዬ፣ «ያልተለመደ ትንፋሽ ተመዝግቧል። ያመዎታል?»

በማግስቱም ዘምዘም መጣች።

«ወንድሜ፣ አለህ? ሽማግሌ ነህ ወጣት? ሽማግሌ ነህ?»

ሳብ።

«እንግዲያማ ጋሼ ነዎት፤ አንተ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ጋሼ፣ ልጄ ጸጉር አላት? በካሜራው አይታይም፣ ኮፍያ አድርገውላታል።»

ሳብ።

«አልሐምዱሊላህ! አባቷ መላጣ ነው፣ ፈርቼ ነበር።»

ባሏ ወደብ ላይ እንደሚሠራ ነገረችኝ። የምትኖርበት ክፍል ጣሪያ ዝናብ ሲመጣ እንደ ከበሮ እንደሚመታ ነገረችኝ። በሰባተኛው ቀን ስም መውጣት ሲገባው እሷ እምቢ እንዳለች፣ ያላቀፍኳትን ልጅ በስም አልጠራም እንዳለች ነገረችኝ። በየመሀሉ ሳብ እያደረግሁ እሰማለሁ፤ ልጅቱም ሳብ እያደረገች ትሰማለች። አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ልጆች አለዎት?» አለችኝ። ለአዎ እንጂ ለየለም የሚሆን ትንፋሽ የለንም። መልስ ስታጣ፣ «ይሁን። አብሽር ጋሼ» አለች፤ ከዚያም ስለ ተቆጣጣሪዋ ጫማ አወራች።

ሲስተር ረውዳ ከበሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች።

«ሲስቡ ትስባለች» አለችኝ። «አይተዋል?»

«ምን አባቴ አውቄ» አልኳት። እውነትም አላውቅም። ለምን እንደሚሠራ ዛሬም አላውቅም፤ የዘወትር ትንፋሼን እየሰማች እንቅልፍ የወሰዳትን ልጅ፣ ያቺ አንዷ ድንገተኛ ትንፋሽ ለምን እንደምትቀሰቅሳት የቤቱ ዶክተር በኋላ በረጅሙ አስረድቶኛል፣ ግማሹ አልገባኝም።

ብቻ ደረቴ ላይ በዋለች በአምስተኛው ቀን ይሁን በስድስተኛው፣ ሞግዚት እንዲህ አለችኝ።

«ደረት አራት፣ የእናትየዋ ድምፅ ከመግባቱ በፊት የልብ ምትዎ ይፈጥናል።»

ከመግባቱ በፊት ነው ያለችው። እኔ አላወቅኩም ነበር።

«ለዚህች ሕፃን ያለዎት ተስማሚነት ቀንሷል። ጨርቁ እንደገና ይሞከራል።»

የብረቱ እጅ ወርዶ አነሳት። ደረቴ ላይ የእሷ ቅርጽ ላብ ሆኖ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ሸሚዜን ሳልቆልፍ በመስተዋቱ ግድግዳ በኩል አየሁ። ጨርቁ ላይ አስተኟት። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይመታል፣ ይሞቃል። ጎበዝ ጨርቅ ነው።

እርሺ አልኩ በልቤ። እርሺና ይዩ።

ረሳች። ንፋሱ ጨመረ፣ የብረቱ እጅ የእግሯን መዳፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ተመለሰች። ደስ አለኝ፤ ለምን አይለኝ? በዚያ ቤት ውስጥ የእኔን መቅረት ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ረሳች። አሁን ግን መመለሱ ዘገየ። እጁ እግሯን ነካካ፣ ጀርባዋን አሸ፤ ከንፈሯ ዙሪያ የአመድ መልክ መጣ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሲስተር ረውዳ እየሮጠች ገብታ በራሷ እጅ ስታሻት አየሁ። ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ደረቴን ሲወጋኝ ነው።

«ይግቡ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ምን ይገትርዎታል!»

ሞግዚት «ተስማሚ አይደለም፣ ተስማሚ አይደለም» ስትል ሲስተር ረውዳ ግድግዳው ላይ ያለ ቁልፍ በክንዷ ተጫነችና ድምፁ ጠፋ። ተጋደምኩ። ልጅቱን ደረቴ ላይ ጣለቻት። ሳብ አደረግሁ። ዕቃ ነበረች። ደግሜ ሳብኩ። ዕቃው ተንቀሳቀሰ።

ከሰዓት በኋላ የዶክተር ሱራፌል ምስል ግድግዳው ላይ መጣ። እሱ ሁልጊዜ በግድግዳ ነው የሚመጣው፤ በብዙ ከተማ ያሉ ቤቶችን ያያል።

«ደረት አራት፣ ለትብብርዎ…»

«ስም አለው፣ ዶክተር» አለች ሲስተር ረውዳ።

«ይቅርታ። አቶ…» ዓይኑን ወደ ጎን ወርወር አድርጎ አነበበ። «አቶ አበጋዝ።»

ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ አለኝ። ከሰው ደረት ያልወረደች ልጅ ከዚህ ቤት ልትወጣ አትችልም። ሳምንቱ ሲያልቅ ሳትወርድ ከቀረች ዋናው ከተማ ወዳለው ትልቁ ቤት ትዛወራለች፤ ሳንባዋ እስኪጠነክር፣ መርሳቱ እስኪለቃት፣ ወር ይሁን ሁለት ወር። እናትየዋን ፋብሪካው አይለቃትም። በካሜራ ታያታለች።

«ሌላው መንገድ» አለ፣ «ትንፋሽዎን መቅዳት ነው። ተራውን ትንፋሽ አይደለም፤ እሱን ጨርቁ ያውቃል። እናትየዋ ስታወራ የሚመልሱባትን። ጨርቁ ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም ልጅቱ ስትረሳ፣ እንደ እርስዎ ይመልሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤቷ ትገባለች። ጨርቁንም ለጥቂት ጊዜ ይዘውት ይሄዳሉ።»

«እኔስ?»

እንደገና ወደ ጎን ያየ መሰለኝ፤ እዚያ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«እርስዎ ያርፋሉ» አለ። «ያለፈቃድዎ ግን አይቀዳም። ሕግ ነው። ሞግዚት ትጠይቅዎታለች።»

በዕድሜዬ ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። ስማር አልተጠየቅኩም፣ ሳቆም አልተጠየቅኩም፣ ድንኳኑ ጭራ ላይ ስቀመጥ አልተጠየቅኩም። የጠየቁኝ ቀን ይሄ ሆነ።

ዶክተሩ ከግድግዳው ሲጠፋ ሲስተር ረውዳ ወንበሬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«እምቢ ቢሉ እርስዎም ወደ ትልቁ ቤት ይላካሉ» አለችኝ። «ደረት ከልጁ ጋር ነው የሚሄደው። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። እዚያ የሰው ደረት ገና አልጠፋም አሉ፤ የሚያወሩት ሰው ያገኛሉ።»

«እና እምቢ በል እያልሽኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ ጋሽ አበጋዝ። የሚሆነውን ነው የነገርኩዎት። ማንም ሳይነግርዎት እንዲወስኑ አልፈለግኩም።»

ይህን ስትለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግናታል። እኔ፣ «ስትነግሪኝማ አከበድሽብኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ተነስታ ሮጠች።

አሰብኩ። ትልቁን ከተማ አሰብኩ። በወንበር ላይ ወንበር፣ ደረት በደረት አጠገብ፣ በእረፍት ሰዓት የሚሳደብ ሰው። በደረቴ ላይ ደግሞ ያለእኔ የማትሆን ልጅ። ወር። ሁለት ወር። ከዚያም ማን ያውቃል፣ ሌላ ጨርቅ ያልወደደ ልጅ። አሰግድ የት ገባ ብሎ እንኳ ባይጠይቅ፣ እኔ ከዚህ ሸለቆ ተፈልጌ የወጣሁ ሰው እሆናለሁ። እምቢ ልል ቆርጬ ነበር። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ቆርጬ ነበር።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ዘምዘም ገባች። ድምጿ ቀጥኗል።

«ጋሼ፣ አሉ? ትናንት በካሜራ አየሁ። ነርሷ ስታገላብጣት ከንፈሯን አየሁ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እጄ ክዳን እየገጠመ ዓይኔ እዚያ። ማቆም አይቻልም እኮ፣ ቀበቶው ይሄዳል።»

ደረቴ ላይ ያለችው ልጅ በዝግታ ትተነፍስ ነበር።

«ትልቁ ቤት ልትሄድ ትችላለች አሉኝ። ምነው በሰው አገር? እኔ እንኳን እሷን፣ ራሴንም በካሜራ ባየው አላውቀውም። ጋሼ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት። እርስዎ ያውቃሉ። ይሰጡኛል አይደል?»

ሞግዚት ያን ሰዓት መረጠች።

«ደረት አራት» አለችኝ በጆሮዬ፣ «ትንፋሽዎ እንዲቀዳ ይፈቅዳሉ? አዎ ወይም አይ ይበሉ።»

አይ ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል። አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ?» አለች ዘምዘም። «አሉ? ልጄን ይሰጡኛል አይደል?»

ልጅቱ ረሳች። ክብደቷ ያው ነው፣ ሙቀቷ ያው ነው። ዕቃ ሆነች።

ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

ሳበች። እናቷ በወዲያ በኩል አለቀሰችና ሳቀች፣ የሴቶቹ ድምፅም ተሰማ። እኔ ግን ጆሮዬን ለሞግዚት ሰጥቼ ጠበቅኩ። መልስዎ አልተሰማኝም እስክትለኝ። ያን ብትለኝ ኖሮ ሌላ ቃል ልናገር እችል ነበር፤ ጊዜ ይኖረኝ ነበር። እንደዚያ ጠብቄያት አላውቅም።

«ተቀብያለሁ» አለች።

ተማረች። በስንት ዓመቷ፣ በዚያች ቀን ተማረች።

ቀዱኝ። ዘምዘም ስታወራ፣ እኔ ስመልስ። ከዚያ ልጅቱን ጨርቁ ላይ አስተኟት፤ ጨርቁ እንደ እኔ ሳብ አደረገ፤ ሳበች። ሌሊቱን አደረች፣ ቀኑን ዋለች። አልረሳችም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የራሴን ትንፋሽ በመስተዋት ወዲያ ስሰማ ነበር። በደንብ ይሠራል። ነጭ ሽንኩርትም አይሸትም።

ልጅቱ በወጣችበት ቀን እኔ ቀድሜ ተሰናብቻለሁ። ሲስተር ረውዳ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ይደውሉልኝ እሺ፣ ጋሽ አበጋዝ።»

«ቁጥርሽን መች ሰጥተሽኝ ነው?»

«አይ እርስዎ!» ብላ ሳቀች፤ እጇን ኪሷ ውስጥ አስገባች፤ ከውስጥ ተጠራች፤ ሮጠች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ሄድኩ።

ሞግዚት የተማረችውን ነገር ለብቻዋ አልያዘችውም። ዘንድሮ የሸለቆው በር ሁሉ ትንፋሽ ይገባዋል። አውቶቡስ ስሳፈር፣ «ወደ ላይኛው ሰፈር ነው?» ይለኛል፤ ሳብ አደርጋለሁ፤ «ተቀብያለሁ» ይላል። የውሃ መቅጃው ይገባዋል። የቤቴ መብራት ይገባዋል። በቀን ውስጥ የምናገረው ቃል የሌለበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ተረድቶኝ እገባለሁ።

ዝናቡ የገባ ሰሞን ማታ ማታ አውቶቡሱ ከፈረቃ በሚወጡ ሠራተኞች ይሞላል። አንድ ማታ ፊት ለፊት መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ሴቶች ገብተው ከኋላዬ ተቀመጡ። አንደኛዋ ልጅ አዝላለች መሰለኝ፤ አዙራ ስታቅፍ የአንቀልባው ቆዳ ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እረፍትሽ አልቋል! ገና ዳቦዬን ሳልቆርስ። አይገርምም?»

በዓለም ላይ የማውቃት ድምፅ አንድ ናት፤ እሷ ነበረች።

ከኋላዬ አጭር ትንፋሽ ሳብ አለ። የእኔ።

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ጋሼን ነዋ። ጨርቁን ገና አልመለስንም፣ ነፊሳም ለምዳዋለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ሁሉንም ነው የምነግረው።»

ነፊሳ። ስሟ ነፊሳ ነው።

«ሰው ነው እንዴ?»

«ሰው ነበር መሰለኝ» አለች ዘምዘም። «አሁን ይሄ ነው።»

አልዞርኩም። ፊቴን አይታው አታውቅም፤ ፊቷን አይቼው አላውቅም። ዞሬ ምን ልላት? ሸሚዜን ገልጬ ደረቴን ላሳያት? መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ልጅቱ ከኋላዬ ጥሩ ትተነፍስ ነበር፤ እንደማንኛውም ልጅ፣ በአፍንጫዋ ትንሽ እያፏጨች። አልረሳችም። አዳምጬ ነበር፤ አንዴም አልረሳችም።

ጓደኛዋ ቀድማ ወረደች። ዘምዘም ልጇን እየነቀነቀች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ» አለች፣ «እርስዎስ ግን ደህና ነዎት?»

መልሱ አፌ ድረስ መጣ። ሁለት ጊዜ እንዳይመለስላት ትንፋሼን ያዝኩ።

ጨርቁ ሳብ አደረገ።